ልማድና ጣዕም

የሰው ምላስ ፈራጅ ነው ቢባል፥ ልማድ የዚህ ፈራጅ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። በልጅነታችን የለመድነውን መልካም እንላለን፤ ያልለመድነውን ግን ገና ወደ አፋችን ሳናደርስ እንነቅፋለን። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ጣዕሙ እንግዳ ሲሆንብን የተበላሸው መጠጡ ነውን ወይስ ፍርዳችን?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ቢራን በጠመቁበት ቤት ለእንግዳ ማቅረብ በአገራችንም የታወቀ ሥራ ሆኗል። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው በእንዲህ ያለ ቤት ተጋብዞ፥ ከስንዴ የተጠመቀና የፍሬ ጣዕም ያለው ቢራ ቢቀርብለት፥ «ይህስ ጭማቂ እንጂ ቢራ አይደለም» ሊል ይችላል።

እንዲህ ያለው ክርክር በአውሮፓም የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1516 ዓ.ም. በባቫርያ የወጣው ደንብ፥ ቢራ ከገብስ፥ ከውኃና ሆፕ ከሚባለው መራራ ተክል በቀር ሌላ እንዳይገባበት አዘዘ። ዳሩ ግን በዚያው አገር የስንዴ ቢራ በመሳፍንቱ ልዩ ፈቃድ ይጠመቅ ነበር። በዚህ ቢራ የሚሸተው የሙዝና የቅርንፉድ መዓዛም ከእርሾው ሥራ የሚገኝ እንጂ ሙዝና ቅርንፉድ ተጨምሮበት አይደለም። ቤልጅጎች በበኩላቸው ስንዴ ባለበት ላምቢክ በሚባለው ቢራ ውስጥ እውነተኛ የቼሪ ፍሬ ይዘፈዝፋሉ። እንግዲህ ምላስ «ፍሬ አለበት» ብሎ ሲመሰክር እንኳ ምስክርነቱ ሁልጊዜ የታመነ አይደለም።

አሁን ወደ አዊ ምድር እንመለስ። በእንጅባራ ደጋ ገብስ፥ በዳንግላ ደግሞ ዳጉሳ ይበቅላልና ጠላው እንደ እህሉ ይለያያል። ባለሙያዋ ብቅሉንና ጌሾውን ስታሰናዳ ጋኑን በወይራ ታጥነዋለች። ጭስ እህል አይደለም፤ ጌሾም አይደለም። ሆኖም ጠላው በጭስ ረከሰ የሚል ጠጪ የለም፤ እንዲያውም ሽታው የሙያዋ ምስክር ነው። የወይራውን ጭስ ተቀብሎ የፍሬውን መዓዛ ሳይቀምሱ መንቀፍ የልማድ እንጂ የፍርድ ሥራ አይደለም። ደግሞም ጠማቂዋና ሻጭዋ አንዲት ሴት የሆነችበት፥ በደጃፉ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት፥ ሥራው ከከተማው ቢራ ቤት ጋር አንድ ነው። አንዱን አድንቆ ሌላውን መናቅ ፍርድን ማጓደል ነው።

ታዲያ ሁሉም ልማድ ከሆነ መልካምና ክፉ የለም ማለት ነውን? አይደለም። ወሰኑ ግን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ሳይሆን በእውነቱና በሐሰቱ መካከል ነው። ቅራሪን ቅራሪ ብሎ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ዋናው ጠላ ነው ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። እንዲሁም የስኳር ሽሮፕ ጨምሮ «ከፍሬ የተጠመቀ» የሚል ጠማቂ፥ ጥፋቱ በመጠጡ ጣፋጭነት ሳይሆን በሰጠው ስም ነው።

ጠጪውም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ባላገር እንዳይባል ሲል ያልጣመውን «ግሩም ነው» የሚል ሰው፥ ጋባዡንም ራሱንም ያታልላል፤ የእናቱንም ጠላ ሳያውቀው ያሳንሳል። ስለዚህ የቀረበልንን በትሕትና እንቅመስ፤ ካልጣመን «አልለመድሁትም» እንበል እንጂ «ክፉ ነው» ለማለት አንቸኩል።