ያየ ሲያሳይ

ቃሊቲ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አንድ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ቢጫ ጀሪካን አስይዘው የፍሬን አየር እንዳመጣ ላኩኝ። «የአይሱዙው አየር አንሷል፤ ከታችኛው ጋራዥ ሃያ ሊትር ተበደርና ና» አሉኝ። የታችኛው ጋራዥ ሰውዬ ፊቱን ሳያፈታ «እኛ ጋ አሁን አለቀ፣ እስኪ ሳሪስ ሞክር» አለኝ። ሳሪስ ደረስኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥዬ ስመለስ ጋራዡ በሙሉ ቱታውን እንደለበሰ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ «አየር» ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ዛሬም እስቅ ነበር። ማታ ልወጣ ስል ሁለቱ ያዙኝ፤ ሦስተኛው የተቃጠለ ዘይት አናቴ ላይ አፈሰሰ። «ተጠመቅክ» አለኝ። ዓይኔን በናፍታ ጨርቅ ስጠርግ (ናፍታ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያልቀመሰው አያውቅም) አንጋፋው መካኒክ ጠጋ ብሎ፣ በርኅራኄ በሚመስል ድምፅ፣ «አይዞህ፣ እኛም አይተነዋል» አለኝ።

ይህች «አይተነዋል» ከዘይቱ በላይ ከርማብኛለች። አማርኛ መከራን በዓይን ነው የሚቆጥረው። ፍዳውን አየ፣ አበሳውን አየ፣ ምን ያላየሁት አለ እንላለን። ዛቻውም ከዚያው ግስ ይወለዳል፦ ቆይ፣ አሳይሃለሁ! ምን እንደሚያሳየው አይነግረውም። ያየ ሰው ሊያሳይ ይችላል፤ ያላየ ገና ዕውር ነው፤ ስለዚህ ማሳየት ማስተማር ይመስላል። ጀማሪን የሚያሸማቅቁ ሰዎች ራሳቸውን ጨካኝ አድርገው የማያዩት ለዚህ ይመስለኛል። መምህራን ነን ብለው ያስባሉ።

ለድርጊቱ እንኳ ቁርጥ ያለ ስም የለንም። ፉገራ ስንለው ያንሳል፣ ድብደባ ስንለው አንዳንዴ ይበዛል፣ ሙድ መያዝ የሚለው የልጆቹ አነጋገር ደግሞ ሳቁን እንጂ ዘይቱን አይዝም። ስም የሌለውን ነገር መክሰስ ያስቸግራል። ዩስጢንያኖስ ቄሣር በ533 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሕግ ትምህርት ቤቶች ባወጣው ደንብ፣ በቁስጥንጥንያና በቤሩት ነባር ተማሪዎች በአዲሶቹ ላይ የሚሠሩትን ክፉ ቀልድ ከልክሏል። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያው ደንብ የቀየረው ስም ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስከዚያ ድረስ «ባለ ሁለት ሳንቲም» እንደማለት ባለ ቅጽል ይጠራ ነበር። ንጉሡ ስሙን መሳለቂያ ነው ብሎ ሻረና በራሱ ስም «አዲስ ዩስጢንያናዊ» አስባላቸው። «አየር» ስባል የኖርኩ ሰው ይህን ከማንም በላይ እረዳለሁ።

መከራ ያቆራኛል የሚሉት ሰዎች ውሸታም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1959 አሮንሰንና ሚልስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ አሳፋሪ ፈተና አልፈው ወደ አንድ የውይይት ቡድን የገቡ ሴት ተማሪዎች፣ ውይይቱ ሆን ተብሎ አሰልቺ ተደርጎ ሳለ፣ ያለ ፈተና ከገቡት ይልቅ እንደወደዱት አሳይተዋል። ዋጋ ከፍዬበታለሁና ዋጋ አለው፤ ነገሩ ይህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ያስፈራል። የደረሰብኝ ነገር ከንቱ ከነበረ ሞኝ ነበርኩ ማለት ነው። ሞኝ አለመሆኔን የማረጋግጥበት አንዱ መንገድ፣ ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ግን ሁሉም መከራ እንዲህ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ይለምናል፤ ችግሩ ራሱ ያስተምረው እንደሆነ እንጂ ዳር ቆሞ የሚስቅበት ተመልካች አልተሰበሰበም። እስር ቤት የቆዩ ሰዎች የሚያወሩት «የሻማ» ደግሞ መሐል ላይ ነው። አዲስ ገቢ በክፍሉ አለቃ፣ በካቦው ፊት ቀርቦ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ለክፍሉ የጋራ ጉዳይና ጠያቂ ለሌለው ሲውል መዋጮ ነው፣ ያጣው በር ሥር እንዲተኛ ሲደረግ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ያው ሻማ። ልዩነቱ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሌለው ሰው ምን ይደረጋል በሚለው ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሕግ ለእንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነባሮቹ የአዲስ ተማሪዎችን ግብዣ በክሎሪን ጋዝ ሲበጠብጡ የሞተችው ተማሪ እንኳ አልነበረችም፤ ምግብ አብሳይ ነበረች። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሕግ በዚያው ዓመት ወጣ። ከሁሉም ግን እኔ የምወደው የፈረንሳዩን ነው። የ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ አዋራጅ ድርጊትን የሚቀጣው ተበዳዩ ፈቅዶም ሆነ ሳይፈቅድ ነው ይላል።

የኛ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ይህን ድርጊት ለይቶ በስሙ አይጠራውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ከጭካኔና ከአዋራጅ አያያዝ ይጠብቀናል፤ የአካል ጉዳት፣ የእጅ እልፊት፣ ስድብ የሚሉ አንቀጾችም አሉ። ሆኖም ከእነዚህ ቀለል ያሉት የሚያስቀጡት ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። አንቀጽ 70 ደግሞ በአቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል በተበዳዩ ፈቃድ ከተፈጸመ አያስቀጣም ይላል። ለጎረቤት ጠብ ጥሩ ሕግ ነው። ለጀማሪ ግን? ጀማሪ ማለት ከሁሉም በላይ «ከእኛ ነህ» መባል የሚፈልግ ሰው ነው። ክስ የሚመሠርተው ሊገባበት በሚለምነው ደጅ ላይ ነው።

ታዲያ ፈቃዱን አንቀበልም ማለት አዋቂን እንደ ሕፃን መቁጠር አይሆንም? ቦክሰኛም በፈቃዱ ይመታል። ነገር ግን ቦክሰኛ ዙሩ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ያውቃል፤ ዳኛ አለው፣ ፎጣ የሚወረውርለት ሰው አለው፣ መልሶ መምታትም ይችላል። እኔ ያን ማታ «እሺ» ያልኩት ለሥራው ነበር፤ ዘይቱ አብሮ እንደሚመጣ የነገረኝ አልነበረም። አላልኩም ማለትም አልችልም፤ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጋራዡ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ሁለት ዓመት አለፈና ከደብረ ዘይት መንገድ ማዶ አንድ ቀጭን ልጅ ተቀጠረ። ጀሪካኑን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ጀሪካኑ ውስጡ እስኪያበራ ታጥቧል፤ አመዱና ዘይቱ ለቆ ቢጫው ወጥቷል። «አየሩን የትም አጣሁት። ዕቃው ቆሻሻ ስለነበር ግን ባዶዬን ከምመጣ አጥቤው መጣሁ» አለኝና ክሪኩ አጠገብ አስቀመጠው። የሚስቁት ሳቁ። ልጁ እኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ ነገ በስንት ሰዓት ልግባ?» አለ።