ቤቱ የሚጠረገው ለማን ነው?

በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ጽዳት የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ወይም ዒድ ሲቃረብ ምንጣፉ ወጥቶ ይራገፋል፤ መጋረጃው ይታጠባል፤ ከጣራው ጥግ የሸረሪት ድር ይወርዳል፤ በገጠርም ወለሉና መደቡ በእበት ይለቀለቃል። እንግዳ እንደሚመጣ በተሰማ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ለሳምንት ሳይነካ የከረመ ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። በሁለቱም አጋጣሚ መጥረጊያውን የሚያነሣው የባለቤቱ እጅ ነው፤ እጁን የሚያነሣው ግን የሰው ዓይን ነው።

ታዲያ በዓል ባልቀረበበት፣ እንግዳም በማይጠበቅበት ተራ ማክሰኞ ቤት የሚጠረገው ለማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን የማጽዳት ፍላጎት የሚያጣው በዚያ ተራ ማክሰኞ ነውና። ባደረው ሳህን ላይ ሌላ ሳህን ይደረባል፤ ወንበሩ የልብስ መከመሪያ ይሆናል፤ አልጋው ሳይነጠፍ ይመሻል። ሰውየው ሥራውን አያውቀውም አይባልም፤ መጥረጊያውም ከበሩ ኋላ ቆሟል። የጠፋው «ልነሣ» የሚለው ስሜት ነው። ውሎ ሲያድር ኀፍረት ይከተላል፤ ኀፍረትም በር ያዘጋል። «ሰሞኑን አይመቸኝም» እየተባለ ወዳጅ ከደጅ ይመለሳል፤ ወዳጅ ሲቀር ደግሞ ለማጽዳት የቀረው የመጨረሻ ምክንያት አብሮት ይቀራል። በሰው ዓይን ብቻ ሲጸዳ የኖረ ቤት፣ ዓይኑ የራቀ ዕለት የሚደግፈው ያጣል።

የአማርኛ ቃላት ራሳቸው ይህን ኀፍረት ያከብዱታል። «ንጹሕ» የሚለው ቃል አቧራ የሌለበትን ዕቃም፣ በደል የሌለበትን ሰውም ይገልጻል። «ባለሙያ» ለሐኪሙም ለአናጢውም የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ «ባለሙያ ሴት» ሲባል ግን ቀድመው የሚታሰቡት ወጧና ቤቷ ናቸው። ስለዚህም ያደረ ሳህን በወንደላጤ ቤት ሲታይ ያስቃል፤ በሴት ቤት ሲታይ ያስፈርዳል። አቧራው አንድ ሆኖ ሳለ ዳኝነቱ ሁለት መሆኑ ስለ ቤቱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ተመልካቹ የሚናገረው ይበዛል።

የሥራው ጠባይም ልብን ያደክማል። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመችው «ሁለተኛው ጾታ» በተሰኘው መጽሐፏ የቤት ውስጥ ሥራን ከሲሲፈስ ቅጣት ጋር አመሳስላዋለች። ሲሲፈስ በግሪኮች አፈ ታሪክ ድንጋይ ወደ ተራራ አናት እንዲገፋ የተፈረደበት፣ ድንጋዩም ሁልጊዜ ተመልሶ የሚንከባለልበት ሰው ነው። ሐና አረንትም እ.ኤ.አ. በ1958 «የሰው ልጅ ሁኔታ» በተባለው ሥራዋ፣ ለዕለት ኑሮ ሲባል የሚደረገውንና ፍሬው ወዲያው የሚያልቀውን ድካም፣ እንደ ጠረጴዛ ያለ ጸንቶ የሚቆይ ነገር ከሚያፈራው ሥራ ለይታ አሳይታለች። ዛሬ የተጠረገ ወለል ነገ አቧራ ይለብሳልና ልብ «ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ቢሰንፍ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሆኖም ይኸው ሙግት በእንጀራ ላይ ቢነሣ ማንም አይቀበለውም። ነገ ተመልሶ መራቡ የታወቀ ስለሆነ የዛሬው እንጀራ በከንቱ ተጋገረ የሚል የለም። የተበላ እንጀራ የበላውን ሰው ለነገ አድርሶታል። ሰላምታም ቢሆን በየማለዳው ይደገማል እንጂ ትናንት ተሰጥቷል ተብሎ አይተውም። የጸዳ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ለስንት ቀን ጸድቶ ቆየ ከማለት ይልቅ በዚያች ቀን በውስጡ ማን ኖረበት ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

የፍላጎት መጥፋት የዚህ ዘመን ሰው ብቻ ችግር አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ ከኖሩት መነኮሳት አንዱ ኤቫግሪዮስ ጰንጦሳዊ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚመጣ፣ ፀሐይዋን የቆመች የሚያስመስል፣ መነኩሴውን በዓቱንና የእጁን ሥራ የሚያስጠላ መንፈስ እንዳለ ጽፏል። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ሀኬት» ነው። የበረሃ አባቶች የገለጹት ሀኬት ከተራ ስንፍና ይለያል፤ ሰነፍ ሥራው ሲቀርለት ደስ ይለዋል፣ ሀኬት የያዘው ሰው ግን ሥራውን ትቶም ዕረፍት አያገኝም። መድኃኒቱም ፍላጎት እስኪመለስ መጠበቅ አልነበረም፤ በበዓት ጸንቶ መቆየትና የእጅ ሥራን አለማቋረጥ ነበር። ከብዙ ዘመናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ሌዊንሰን ድባቴን ሲያጠና ወደዚህ የሚቀርብ ሐሳብ አቀረበ። ሰው የሚያስደስቱትን ተግባራት ሲተው ስሜቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ጥቂት በጥቂት ወደ ተግባር ሲመለስ ደግሞ ስሜቱ ሊከተለው ይችላል። እንግዲህ ፍላጎት ሁልጊዜ ከእጅ ቀድሞ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ከኋላ ይመጣል።

ይህ ከሆነ ጥበቡ ያለው ሥራውን በማሳነስ ላይ ነው። ቤቱን ሁሉ ያሰበ ሰው ተመልሶ ይቀመጣል፤ አንድ ሲኒ ያሰበ ይነሣል። ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ ያለችው ጊዜ ያደሩትን ሳህኖች ለማጠብ ትበቃለች፤ በአቦልና በቶና መካከል ጠረጴዛው ይወለወላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ዕቃ የታወቀ ሥፍራ ሲኖረውም ድካሙ ይቀንሳል። በጥንታዊው የሐረር ቤት ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች ሁሉ ቦታቸው የታወቀ ነው፤ የተነሣ ዕቃ ወዴት እንደሚመለስ ማሰብ አያስፈልግም። ቀንን አስቀድሞ መወሰንም እንዲሁ ይረዳል። በሩዋንዳ «ኡሙጋንዳ» በሚባለው ሥርዓት በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ በአንድነት ወጥቶ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሕግ የተደነገገ ግዴታ በመሆኑ ለአንድ ሰው ጓዳ እንዳለ አይቀዳም፤ ቀኑ አስቀድሞ ሲታወቅ ግን ሰው በየጠዋቱ ከራሱ ጋር ከመሟገት እንደሚያርፍ ያስተምራል።

ነገር ግን ይህ ምክር ብቻውን ሲቆም ሊጨክን ይችላል። በአዲስ አበባ፣ በቤይሩትና በሪያድ የሰው ቤት ሲያጸዱ የሚውሉ ኢትዮጵያውያት «ዛሬ ፍላጎት አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የእነዚህ እጆች ድካም እንደ ማንኛውም ሥራ እስኪቆጠር ምን ያህል እንደዘገየ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሰው ቤት አጽድታ በምትመለስ ሴት ክፍል ውስጥ የተከመረ ልብስ ቢገኝ ሀኬት አይባልም፤ ድካም ነው። ለደከመ ሰው «ተነሣ» ማለት ምክር አይሆንም። በዚያው ጣራ ሥር ተቀምጠው የሚያዩ ሌሎች እጆች ካሉም ጥያቄው ወደ እነርሱ ይዞራል።

ባህሉ ራሱ ይህን ያውቃል። በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛው መጥረጊያ እንዲይዝ የሚጠብቅ የለም፤ ጎረቤትና የእድር ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ዕቃ ያጥባል። ወደ አራስ ቤትም እናት፣ እኅትና ጎረቤት ይገባሉ። በሁለቱም ቤቶች አቅም ማጣት ነውር አይደለም፤ ምክንያቱ ለሁሉ ይታያልና። ሦስተኛው ቤት ግን ስም አልወጣለትም። ሞት ያልገባበት፣ ሕፃንም ያልተወለደበት፣ ሆኖም ባለቤቱ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ቤት ነው። ፍላጎቱ ለሳምንታት ሲጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብም አብረው ሲዛቡ ጉዳዩ ከጽዳት አልፎ ሐኪም የሚሻ ይሆናል። ወደዚህ ቤት የገባ ወዳጅ «ምነው ቤቱ እንዲህ ሆነ?» ከሚል፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሌላ ወሬ እያወራ ሲኒዎቹን ቢያጥብ ይሻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለለቅሶና ለድግስ ብቻ አይደለም።

አማርኛ ከእንግዳ ትይዩ «ቤተኛ» የሚል ቃል አለው። ለእንግዳ ብሎ ቤትን ማሰናዳት መልካም ልማድ ነው፤ እንግዳ ግን መጥቶ ይሄዳል። የተራው ማክሰኞ ቤት የሚጠረገው ለቤተኛው ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ሊወቀስበት ሳይሆን ሊያርፍበት። በብዙ ሳሎን ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ተብለው የተቀመጡ ብርጭቆዎች አሉ፤ ቤተኛው ዓመቱን ሙሉ ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ እየጠጣ ከመስተዋቱ ኋላ ያያቸዋል። አንዱን አውጥቶ፣ አቧራውን አጥቦ፣ ውሃ ቢጠጣበት የዕለቱ ጽዳት ተጀመረ ማለት ነው።