አባታችን የማለት ዕዳ

እግዚአብሔርን ንጉሥ ብሎ መጥራት አይከብድም፤ ንጉሥ የሚሻው ግብርና መታዘዝ ነውና። አባት ብሎ መጥራት ግን ዕዳ ያመጣል። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ አባት ያለው ሰው ወንድም አለው፤ ወንድሙንም ራሱ አይመርጥም። ስለዚህ በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት ከሁሉ የምትከብደው ፊደል ‹አቡነ› በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው ‹ነ› ትመስለኛለች። ሰው በጓዳው ብቻውን ሲጸልይ እንኳ ‹አቡየ› አይልም።

በወላይታ አገር ይህ ነገር በሁለት ወገን ተፈትኗል። የወላይታ ሰው ጦሳ የሚባል የሰማይ አምላክ እንዳለ ከጥንት ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ጦሳ ሩቅ ነው ብሎ የዕለት ጭንቁን ለሞቱት አባቶቹ መንፈስና ለልዩ ልዩ አያና ያቀርብ ነበር። ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ግን ኤሳ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነሥቶ፥ ሕዝቡ መናፍስትን ትቶ ጦሳን ብቻ እንዲለምን አስተማረ። አባወራውም ቤተ ሰቡን ሰብስቦ ጣቱን በማር እየነከረ ወደ ሰማይ ይረጭ ነበር። አባት በልጆቹ ፊት ከእርሱ በላይ ያለውን ሲለምን ማየት ለልጅ ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ያች ማር በከንቱ የተረጨች አይመስለኝም።

በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. በሚሲዮኑ ዘንድ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች ተጠመቁ። ለአባቶች መንፈስ መሠዋትን የተወ ሰው ግን አባቶቹን እንደ ናቀ ሊቆጠር ይችል ነበር። ይህ ክስ ቀላል አይደለም፤ አባትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ከዐሥሩ አንዱ ነውና። መልሱም በክርክር የሚገኝ አይደለም። ለሙታን ማረዱን ትቶ ሕያው አባቱን በእርሻው ያገለገለና በእርጅናው የጦረ ልጅ መልሱን በእጁ ሰጥቷል። መሥዋዕቱን ትቶ ሽማግሌውንም የተወ እንደ ሆነ ግን ከሳሾቹ እውነት ተናገሩ።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይጸናል። በወላይታ ጪናሻ የሚባሉ ሸክላ ሠሪዎች፥ ደጌላ የሚባሉ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች አሉ። ከእነዚህና ከቀድሞ ባሮች ዘር ጋር ጨዋ ነኝ ባይ አይጋባም ነበር፤ ዛሬም የማይጋባው ብዙ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቀረ፤ ዐዋጅ ግን ጋብቻን አያዝዝም። እንግዲህ አንድ ሰው እሑድ ከጪናሻው ጋር ቆሞ አባታችን ሆይ ይላል፤ ወደ ቤቱም ተመልሶ ጪናሻይቱ በሠራችው ድስት የተቀቀለውን ጎመን ይበላል፤ ልጇን ለልጅህ ብትባል ግን ፊቱ ይጠቁራል። ድስቱን ያላረከሰች እጅ ዘሩን እንዴት ታረክሳለች?

ነውሩ የወላይታ ብቻ እንዳይመስል፥ እኛም በሰሜን ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ቡዳ ስንል ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡት ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስለዚህ ነበር። የሚገርመውስ ይህን የምናደርግ እኛ፥ ፈጣሪ አዳምን ከአፈር እንዳበጀው የምናስተምር፥ ጌታም በጠራቢ ቤት እንዳደገ የምናነብ መሆናችን ነው። በሸክላ ሥራ ውርደት ካለ መጀመሪያ የሚወርደው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በአንድ መቅደስ መጸለያቸው ይበቃል፥ ጋብቻ የየቤቱ ጉዳይ ነው የሚሉ አስተዋዮች አሉ። በእርግጥ ማንንም በግድ ማጋባት አይገባም፤ ልጅቱን በጠባይዋ ያልወደዳት ይተዋት። በአባትዋ ሥራ ምክንያት የሚተዋት ሰው ግን ለእግዚአብሔር ልጆች ሁለት ማዕርግ አውጥቷል፤ ከልጆቹ ግማሹን የናቀ ሰው አባትየውን አከብራለሁ ቢል የትኛው አባት ያምነዋል? በእኔ አስተያየት ከዝማሬው ርዝመትና ከስግደቱ ብዛት ይልቅ ክብሩ የሚለካው በዚህ ነው።

በዚህ ነገር ካህናት ከሌላው ሰው ይልቅ ይሰማሉ፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ምክር የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና። የሸክላ ሠሪዪቱ ልጅ ስም በተነሣ ሰዓት የሚመልሰውን ቃል አስቀድሞ ያሰናዳ ካህን ስንት እንደ ሆነ እንጃ።