ጅራፍ የለመደ በሬ

ልጄ፣ ትናንት «እኔ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳልውጥ፣ ቫይረሱ እንዴት መድኃኒት ለምዶ ይመጣል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ ልንገርህ። ከቡሬ ገበያ የገዛኸው በሬ ስትጠምደው ጅራፍህ አልሰማው ብሎህ አያውቅም? አንተ አልገረፍኸውም፤ የፊተኛው ጌታው ነው ያደነደነው። ቫይረሱም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒት ከለመደበት ደም ወጥቶ አንተ ዘንድ እንደደነደነ ይገባል።

ያደነደነው እንደ እኔ ያለው ነዋ! በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር ከፊተኞቹ ነበርሁ። ጧትና ማታ፣ ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እውጥ ነበር። ሰውነቴ ሲመለስ ጸበል ገባሁና ተውሁት። ጸበሉን አልነቅፍም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ደህና መሆኔ አሳሳቀኝ። ነርሷ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ሲያቋርጡት ሁለቱ ቶሎ ከደም ይጠፋሉ፤ ኔቪራፒን ግን ብቻውን ቀናት ይሰነብታል። በሬን ሦስት ሆነው ካልያዙት አንዱ ብቻውን ቢነካካው ማደንደን ነው። ለኔቪራፒንና ለዘመዱ ለኤፋቪሬንዝ ደግሞ ቫይረሱ በራሱ ላይ አንዲት ነገር ከለወጠ ይበቃዋል። እኔስ መድኃኒት ተቀይሮልኝ ተረፍሁ። በዚያ መሃል ከእኔ የያዘው ሰው ካለ ግን የገዛው ያንን በሬ ነው። ሌሊት ሌሊት እሱን አስባለሁ።

በበርካታ አገሮች ገና መድኃኒት ሊጀምሩ ከመጡት 100 ሰዎች ከ10 በሚበልጡት ላይ ኔቪራፒንንና ኤፋቪሬንዝን የለመደ ቫይረስ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ዶሉቴግራቪር የተባለችውን መድኃኒት ዋና ምርጫ አደረገ። አሁን በቀን አንዴ የምትሰጥህ ክኒን ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ብርቱ ናት፤ የድሮዎቹን የለመደውን ቫይረስ እሷ ታደክመዋለች። ቢሆንም እየዋጥህ እያቋረጥህ ካስለመድኸው እሷንም ይለምዳል።

አንተ ደግሞ ጨጓራ አለብህ። የጨጓራ ማስታገሻ ከእሷ ጋር አትዋጥ፤ ክኒኗን 2 ሰዓት አስቀድም፣ አለዚያ 6 ሰዓት አዘግይ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ስትወርድ ለጤና ባለሙያዎቹ ሳትነግር አትሂድ። መንገድም እንደምታየው ድንገት ይዘጋል፤ መድኃኒት ለመውሰድ የሚኬደው ሊያልቅ ሲል አይደለም። የ6 ወር የሚሰጥበት አሠራር አለ፣ ለጀማሪ ግን ወዲያው አይሆንም። ከጀመርህ በ6ኛው ወር የቫይረሱን መጠን ይለኩልሃል፤ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ እንዳትቀር።

ማን አስያዘኝ እያልህ የፊተኛውን ጌታ ፍለጋ ገበያ ለገበያ አትዙር። ሚስትህ ግን ትመርመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ለእሷ መንገር ከከበደህ እኔ አብሬህ እቀመጣለሁ።

ሰኞ በጧት ከቡሬ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዙ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።