ወፎቹን አየናቸውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ምግብና ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ ማስተማሩን ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን በዚያው ስፍራ (ማቴ. 6፥26) ሌላም ትእዛዝ አለ፤ ዓይናችንን ወደ ወፎች እንድናነሣ ያዘናል። እኔ ይህን እንደ ንግግር ማሳመሪያ ቈጥሬ ሳልፈው ኖሬአለሁ።

በዚህ መስከረም ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ መካነ ሰላም እንደ መጣሁ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመንደራችን በታች ባለው ጨፌ ዳር ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥሁ። በመጀመሪያ ምንም አላየሁም። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን ወፍ ይረሳዋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆየሁ ጋጋኖዎች እየጮሁ መጥተው ማጭድ በሚመስለው ምንቃራቸው ረግረጉን ይወጉ ጀመር። ቍራም መጣ፤ ምንቃረ ወፍራሙ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘው የእኛው ቍራ። ቍራ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ጋር የተቈጠረ ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 12 ግን ጌታ ለምሳሌ የጠራው እርሱን ነው። ርግብ ሳለች ቍራን መጥራቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ልጆች ሳለን የመስቀል ወፍ ለበዓሉ ብቻ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለን ነበር። አጥኚዎች እንደሚሉት ግን በዚህ ስም ከምንጠራቸው ብዙዎቹ ከእኛ አይርቁም፤ ወንዱ በክረምት ደማቅ ላባ ይለብሳል፣ በበጋ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ለካ ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ነበረ!

ነቢዩ ኤርምያስም (8፥7) ሽመላ የመምጫዋን ጊዜ ስታውቅ ሕዝቡ የአምላኩን ፍርድ አለማወቁን ይወቅሳል። ነጯ ሽመላ ከአውሮፓ ተነሥታ በቅድስት አገር ሰማይ አልፋ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። ነቢዩ ቀና ብሎ ያያት ኖሯል ማለት ነው።

የፈለግሁትን ግን አላየሁም። ከብት ስጠብቅ በዚህ ጨፌ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው የሚግጡ ሁለት የደጋ ዝዮች ነበሩ፤ ግራጫ፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ሰማያዊ፣ ሲቆሙም አንገታቸውን ወደ ኋላ ጀርባቸው ላይ የሚያስተኙ። የዚህ ዝይ አገሩ ከ1,800 ሜትር በላይ ያለው የኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ኑሮውም እርጥብ ሣር ነው። የዱር አራዊት መጠጊያ ሲባል ሁላችንም የምናስበው በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለውን የደንቆሮን ጫካ ነው፤ ጨፌ ግን ጠባቂ የለውም።

የጨፌያችንን ግማሽ ባሕር ዛፍ ይዞታል። የተከልነው እኛ ነን፤ አባቴ ሲቈፍር ችግኙን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ውኃ እንደሚጠጣ እናውቅ ነበር፤ እንዲያውም ረግረጉ እንዲደርቅልን ነበር የተከልነው። የመጀመሪያው እንጨት ሲሸጥ ለእኔ ደብተር፣ ጫማና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ሆነ። እግዚአብሔር ለወፎቹ የዘረጋውን ማዕድ አጥፌ ነው የተማርሁት ብል አጋነንሁ ይባል ይሆን? አባቴን አልወቅስም፤ ስድስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። ጌታም ሰው ከወፎች እንደሚበልጥ ተናግሯል። ነገር ግን መብለጣችን የእነርሱን ድርሻ እስከ መውሰድ ይደርሳል? ይህን እስካሁን ለራሴ መመለስ አልቻልሁም።

ማታ እሳት ዳር ለአባቴ ነገርሁት። ይቈጣል ብዬ ነበር። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «እነዚያን ዝዮች? እኔም ፈልጌአቸዋለሁ» አለኝ።

ምንጩ አጠገብ የቀረውን ቁራጭ ጨፌ ላለመትከል ተስማምተናል። ሩብ ጥማድ አይሞላም። የፊታችን እሑድ ከመርሐ ግብራችን በኋላ እዚያ እቀመጣለሁ፤ መምጣት የሚፈልግ ወንጭፉን ቤቱ ትቶ ይምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።