ከሉባኦ እስከ ማላካኛንግ፦ ለሥልጣን ለሚያስብ ወጣት

ከድሃ ቤት ተነስቶ አገር ማገልገል የሚመኝ ወጣት የመሪዎችን ታሪክ ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ድሉ ላይ ነው። የፊሊፒንሱን ፕሬዚዳንት የዲዮስዳዶ ማካፓጋልን ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው ቢከታተለው ይበጀዋል። የእኚህ ሰው ሕይወት ከምርጫው በፊት ካለው ይልቅ ከምርጫው በኋላ ያለው ብዙ ያስተምራልና።

ማካፓጋል የተወለዱት በ1910 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓምፓንጋ አውራጃ፣ ሉባኦ በምትባል ከተማ ነው። አገሩ ሩዝና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልበት ነው፤ ለሙ መሬት በጥቂት ባለርስት ቤተሰቦች እጅ ነበር፣ የሚያርሰው ደግሞ ጭሰኛው። አባታቸው በአካባቢው ቋንቋ ግጥምና የመድረክ ድርሰት ይጽፉ ነበር። ከዚያ የሚገኘው ገቢ ግን ጓዳ የሚሞላ አልነበረምና ቤተሰቡ አሳማ ያረባ፣ ቤቱንም ለደባል ያከራይ ነበር።

ልጁ በትምህርት ጎበዝ ሆኑ፤ ማኒላ ሄደውም የሂሳብ ሥራ እየሠሩ ሕግ መማር ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡም ጤናውም ከዳቸው። ትምህርታቸውን አቋርጠው ሉባኦ ተመለሱ።

ያቋረጠ ወጣት ይህን ጊዜ ልብ ብሎ ይመልከተው። ማካፓጋል ቤት ገብተው አልተኙም። ከልጅነት ጓደኛቸው ከሮጀሊዮ ዴላ ሮሳ ጋር ሆነው የሙዚቃ ትያትር ማዘጋጀትና መድረክ ላይ መተወን ጀመሩ። ሮጀሊዮ ኋላ በፊሊፒንስ ፊልም ስመ ጥር ተዋናይ የሆኑት ናቸው፤ ማካፓጋልም የሮጀሊዮን እህት አገቡ። ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ደግሞ ኦኖሪዮ ቬንቱራ የሚባሉ የፓምፓንጋ ባለጸጋና ሹም ከኪሳቸው ረዷቸው። በ1936 ማካፓጋል ለጥብቅና በሚሰጠው የመንግሥት ፈተና ከአገሪቱ አንደኛ ወጡ።

አንደኛነቱ የራሳቸው ነው፣ ማንም አይቀማቸውም። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ጓደኛም ባለውለታም አሉ፤ ባለውለታው ደግሞ ከዚያው ከባለጸጎቹ ወገን ናቸው። «ማንም ሳይረዳኝ እዚህ ደረስኩ» ማለት የሚያምረው ወጣት ይህን ያስብ። የረዱትን ሰዎች በስማቸው ያመስግን፣ ውለታቸውን አይደብቅ፤ በሕዝብ ጉዳይ ሲወስን ግን ለእነሱ ብሎ አይወስን። ማካፓጋል በባለጸጋ ገንዘብ ተምረው፣ ባለርስቱን የሚያስቆጣውን የመሬት ሕግ ኋላ ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

በ1949 የምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1957 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በፊሊፒንስ ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ለየብቻ ስለሚመረጡ ፕሬዚዳንቱ ካርሎስ ጋርሲያ የሌላው ፓርቲ ሰው ነበሩ። ጋርሲያ ለምክትላቸው የሚኒስትርነት ሥራ አልሰጡም። ስም እንጂ ሥራ የሌለው ወንበር ላይ አራት ዓመት መቀመጥ ብዙውን ሰው ያስመርራል። ማካፓጋል ግን ጊዜውን በየደሴቱና በየገጠሩ እየዞሩ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን ለማነጋገር አዋሉት። የምርጫው ወቅት ሲደርስ «የሉባኦው ድሃ ልጅ» የሚለው ስም ከእሳቸው ቀድሞ መንደሩ ገብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሴናተር የነበሩት ያ የትያትር ጓደኛቸው ሮጀሊዮም ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደሩ ነበር፤ ለማካፓጋል ብለው ከውድድሩ ወጡ። በኖቬምበር 1961 ማካፓጋል 55 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው አሸነፉ፤ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ወደ ማላካኛንግም አመሩ።

አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ብዙ ጀመሩ። የነፃነት ቀኑን አሜሪካ ነፃነት ከሰጠችበት ከጁላይ 4 ፊሊፒናውያን ራሳቸው ነፃነታቸውን ወዳወጁበት ወደ ጁን 12 አዛወሩት፤ ይህ እስከ ዛሬ የጸና ነው። የልባቸው ጉዳይ ግን መሬት ነበር። በኦገስት 1963 የፈረሙት የእርሻ መሬት ሕግ አራሹ ከምርቱ ለባለመሬት የሚያካፍልበትን ሥርዓት የሚያስቀር ነበር። እንደተወለዱበት ባለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሕጉን የሚያጸድቀው ምክር ቤት ግን በባለርስት ቤተሰቦች የተሞላ ነበር። ሕጉ በእጃቸው ሲያልፍ ሳሳ፤ ባለመሬቱ 75 ሄክታር ድረስ ለራሱ እንዲይዝ ተፈቀደለት፣ ኮኮናትና መሰል ቋሚ ተክል ያለበት መሬትም ከመከፋፈል ውጭ ሆነ። ከሁሉም የከፋው በጀቱ ነው፤ መሬት ገዝቶ ለአራሹ ለማከፋፈል የሚበቃ ገንዘብ አልተመደበም። ወረቀቱ ላይ ነፃ የወጣው ጭሰኛ መስኩ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

ለሥልጣን የሚያስብ ወጣት ከዚህ ታሪክ ሊይዘው የሚገባው ይህን ነው። የድህነት ታሪኩ ድምፅ ያመጣለታል፤ በጀት ግን አያጸድቅለትም። ስለዚህ ንግግር ከመለማመዱ በፊት የአገሩ በጀት በማን ቢሮ ተነስቶ በማን ኮሚቴ እንደሚያልፍ ይወቅ። ብቻውን አይወዳደር፤ አብረውት ምክር ቤት የሚገቡ፣ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ የሚከላከሉ ጓዶች ያፍራ። መራጩም ወጣት እንዲሁ፦ «ድሃ ነበርኩ» የሚለውን ተወዳዳሪ ያክብረው፣ ግን «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማን ይቃወምሃል? ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀው።

በ1965 ማካፓጋል ከእሳቸው ፓርቲ ወጥተው ወደ ተቃራኒው በገቡት በፈርዲናንድ ማርኮስ ተሸነፉ፤ ማርኮስም እስከ 1986 ከሥልጣን አልወረዱም። በ1971 ማካፓጋል የአዲስ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኑ። በመካከሉ ወታደራዊ አገዛዝ ታውጆ ከጉባኤው አባላት አንዳንዶቹ ሲታሰሩ ሥራው ቀጠለ፤ የወጣውም ሰነድ ለማርኮስ የጠቀመ ነበር። ኋላ ግን ማርኮስን በግልጽ ተቃወሙ።

ቤታቸውስ? ልጃቸው ግሎሪያ ማካፓጋል አሮዮ ከ2001 እስከ 2010 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውም የምክር ቤት አባል ሆኑ። ግሎሪያም ከፕሬዚዳንትነት በወረዱበት ዓመት ሉባኦ የምትገኝበትን ወረዳ ወክለው ምክር ቤት ገቡ። ባለርስቶችን የታገሉት ሰው ቤተሰብ ራሱ ከገዢ ቤተሰቦች አንዱ ሆነ። ይህ የማካፓጋል ቤት ብቻ ነገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣን በቤተሰብ እጅ እንዳይቀር መንግሥት ይከልክል ይላል፤ ክልከላውን በዝርዝር ሕግ እንዲያወጣ የተተወው ግን ለምክር ቤቱ ነው፣ ምክር ቤቱም በእነዚሁ ቤተሰቦች የተሞላ በመሆኑ ሕጉ ሲጓተት ኖሯል።

በ2016 ግን ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተ። በየቀበሌው ለሚመረጠው የወጣቶች ምክር ቤት በወጣው ሕግ መሠረት፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በዚያው አካባቢ የተመረጠ ባለሥልጣን የሆነ ወጣት መወዳደር አይችልም። የሚወዳደሩት ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ናቸው። አባቶች ለራሳቸው ያላወጡትን ሕግ ለልጆቻቸው አውጥተዋል፤ እነዚህ ወጣቶች ነገ ትልቁ ምክር ቤት ሲገቡ ይህንኑ ሕግ በራሳቸው ላይ እንዲያጸድቁ ከዛሬው መጠየቅ፣ ቃልም ማስገባት ይገባል።