ሞትን ከልጅ መደበቅ

ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ቴሌቪዥኑ ከጧት እስከ ማታ አይዘጋም ነበር። ትንሹ ልጅ ስፔስቱን የተባለውን የልጆች ጣቢያ በዓረብኛ ያያል፤ እዚያ የጃፓኑ ካርቱን ኳስ ተጫዋች ፀባሳ «ካፒቴን ማጂድ» ነው የሚባለው። ታላቅ እህቱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ናትና ድራጎን ቦል ዚ የተባለውን የጃፓን ካርቱን በእንግሊዝኛ ታያለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ከሁለቱም እሰማለሁ።

ግራ ያጋባኝ የእንግሊዝኛው ነው። ሰው ተመትቶ ይወድቃል፣ አይነሳም፤ ሞተ ግን አይባልም። ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ ይባላል። በኋላ ነገሩን ሳነብ፣ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ለልጆች ሲያዘጋጁት ሞትን ከንግግሩ ማውጣታቸውን ተረዳሁ። ሲኦልንም አልተዉትም። የአጋንንቱ ካናቴራ ላይ የተጻፈውን «ሲኦል» ፊደሉን ነካክተው «ማለቂያ የሌላቸው ተሸናፊዎች ቤት» የሚል ምህጻረ ቃል አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ጋቻማን የተባለውን የጃፓን ፊልም ሲያሻሽሉ አንድ ሮቦት ጨመሩበት፤ ከተማ በጠላት ሲፈርስ ሕዝቡ ቀድሞ መውጣቱን እየተናገረ ልጆቹን የሚያረጋጋ።

ለውጥ ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። ፖኬሞን ላይ የጃፓኖቹን የሩዝ ድቡልቡል ዶናት ብለውታል፤ ይሳቅበታል እንጂ ማንን ይጎዳል? የእኛም አባቶች ቢሆኑ ያገኙትን እንዳለ አልገለበጡም። የግዕዙ መጽሐፍ ዜና እስክንድር የግሪኩን ንጉሥ ጸሎተኛ አማኝ አድርጎታል። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት በረላም ወይዋስፍ ሥሩ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ አገር ለአገር ሲዞር ክርስትና ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ግን ምን እንደሚተርክ ልብ በሉ። ንጉሡ ልጁ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ሠርቶ ይዘጋበታል። ልጁ ወጥቶ ያያል፤ ነፍሱም የነቃችው ያን ጊዜ ነው። ሃይማኖቱ፣ ስሙ፣ ቋንቋው ሁሉ ተለውጧል። ሞት ቢወጣ ግን ታሪኩ ራሱ አይኖርም ነበር።

እዚያው ካፉሪ የልጆቹ ሀቦባ፣ አያታቸው ማለት ነው፣ ያረፉ ጊዜ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ወንዶቹ እጃቸውን ዘርግተው ፋትሓ ይቀራሉ፣ ሴቶቹ ውስጥ ያለቅሳሉ። ለልጆቹ «ካይሮ ለሕክምና ሄደች» ተባለ። ልጅቷ ማድቤት ገብታ፣

«ኻልቶ፣ ሀቦባም ወደ ሌላ ስፍራ ነው የሄደችው?» አለችኝ።

«ሞታለች፣ የኔ እናት። አላህ ይማራት» አልኳት።

አለቀሰች። ከዚያ ሻይ አዙሪ ስላት ትሪውን ተቀብላ ወጣች። ማዳም ግን ተቆጣች፤ ልጅ ይህን አይችልም አለች። እኛ ጎጃም ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ለቅሶ ይደርሳል፣ ተዝካር ይበላል፤ ችሎ ነው ያደገው። እናት ልጇን ብትሰስት አልፈርድባትም። ጣቢያዎቹ ግን የፈሩት ለልጁ ብቻ አይመስለኝም፤ የወላጅ ስሞታና የማስታወቂያ ገበያም አለበት።

ጦሩን ማሳየት ሳይከለከል የጦሩ ውጤት መከልከሉ ነው የማይዋጥልኝ። ቡጢው አለ፣ እሳቱ አለ፣ የሚፈርሰው ፎቅ አለ፤ የሞተ ሰው ብቻ የለም። የማይገድል ዱላ ያየ ልጅ ምሕረትን ከየት ይማራል? ገዳይ ከሌለ ይቅር የሚባልም የለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ሕዝቡን ቀድሞ ያስወጣ አልነበረም።

ከ2008 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ያሰማናል። ነገ የልጆቹን ፊልም ወደ አማርኛ ለምትመልሱ አንድ ልመና አለኝ፦ ፀባሳን ከፈለጋችሁ ፀጋዬ በሉት፣ ሩዙንም ዳቦ አድርጉት። የሞተውን ግን ሞተ በሉ።